ጀልባዋ ላይ የበሳሁት ቀዳዳ

ባላጠፋሁት ጥፋት ድንጋይ አሸክመውኛል። ማጅራቴ ላይ ጭነው፣ አንገቴን አስደፍተው፣ ከመንገዱ እስከ አንዲት የተቃጠለች ሴት ወንድሞች ደጅ ድረስ ነድተውኛል። ካሸከሙኝ ሽማግሎች ግማሾቹ ሞተዋል፤ ነፍስ ይማር አልልም። የቀሩት ገበያ ላይ ሲያገኙኝ እንዴት ከረምህ ይሉኛል። ደኅና ነኝ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀልባ ነው። ላስታ ላይ ጀልባ ምን አመጣው የሚል ይኖራል፤ እኔም ብያለሁ። ላሊበላ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰውዬ ነበር። ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ሲሆን ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን አይተው የጠገቡ ፈረንጆችን ቆላ አውርጄ ውሃ ላይ ምሳ አበላለሁ ብሎ ተነሣ። ጀልባዋን ያሠራው ሐይቁ ዳር አይደለም፤ እዚሁ፣ በማረፊያው ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። የሚበይደው የሚስቱ ወንድም ነበር። ሰውየው የበርና የመስኮት በያጅ ነው፤ ከምንጭና ከዝናብ በቀር ውሃ አይቶ አያውቅም። ከቅዳሴ የሚመለስ ሕዝብ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ "ኖኅ የት ደረሰ?" እያለ ያልፍ ነበር።

እኔን የጠሩኝ ለወጥ ቤቷ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው። የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያ እተክላለሁ፤ ሲበላሽ እጠግናለሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ግን ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ፣ ሦስት ዓመት የጀልባ ምድጃ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ያየሁትን አልረሳም።

የጀልባ ምድጃ እንደ ቤት ምድጃ አይደለም። ድስቱ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የብረት ከንፈር ትሠራለታለህ። ነፋስ እሳቱን እንዳያጠፋው በላሜራ ትከልለዋለህ። ፍሪጁን ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋለህ፤ በሩ ላይ መቀርቀሪያ ትጨምራለህ። ዋናው ግን ጋዙ ነው። የእኛ ሰው ጭስ ስለሚያውቅ፣ ጋዝም እንደ ጭስ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ቤት ከሆነ በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ጀልባ ግን ገንዳ ናት። ያፈሰሰው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሞ ክብሪት ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ለብቻው ሣጥን ትሠራለታለህ፤ ከሣጥኑ ወለል፣ ከውሃው ልክ በላይ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ትበሳለህ። ጋዙ ቢያፈስ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

በሳሁ። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። በያጁ ቆሞ እያየኝ ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለኝ።

"የጋዙ መውጫ ነው።"

"ጀልባ ላይ?"

"ጀልባ ላይ።"

"እኔ ውሃ እንዳይገባ ሁለት ወር ስደፍን ከርሜ፣ አንተ ባንድ ቀን ትበሳለህ?"

"ውሃው እዚህ አይደርስም፤ ከዚህ በታች ነው የሚቆመው።"

"ውሃው ነግሮህ ነው?"

ረዳቶቹ ሳቁ። እኔ ዝም አልኩ። ጥፋት አለብህ ከተባልኩ ይህቺ ዝምታ ናት። ደንቆሮ ማስረዳት ይሰለቸኛል፤ ዛሬም ይሰለቸኛል።

የጋዙን ጎማ አሠርኩ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፣ አስረክቤ ሙጃ ከተማ ፍሪጅ ልጠግን ሄድኩ። እኔ ሙጃ እያለሁ ጀልባዋን በጭነት መኪና ወደ ተከዜ ወሰዷት። ከመጫኗ በፊት በያጁ ቀዳዳዬን በላሜራ ቁራጭ ደፍኖ፣ በይዶ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ይህን ያኔ አላወቅሁም።

ውሃ ላይ በዋለች በአራተኛው ቀን የጀልባዋ ነጂ ሲሊንደር ቀየረ። በደንብ አላጠበቀውም። ጋዙ ሣጥኑን ሞላ፣ በጎማው ማለፊያ ሾልኮ ወደ ወጥ ቤቱ ወለል ፈሰሰ። ወጥ ሠሪዋ የገነተ ማርያም ሰው ናት፤ ጎበዝ ባለሙያ። ክብሪት ጫረች። እሳቱ የተነሣው ከእግሯ ሥር ነው። ሁለት እግሯ እስከ ጉልበቷ ተቃጠለ። የግራ እጇ ጣቶች ተጣበቁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ እጇ ድስት አላነሣችም።

ባለ ማረፊያው ፈጥኖ ተናገረ፤ ጋዙን የተከለው ፊደል የማያውቅ ሰው ነው አለ። የሴትዮዋ ወንድሞች ሦስት ናቸው። የታላቅየው ጠመንጃ ከጉልበቱ ላይ አይወርድም ነበር። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሸንጎ በሚውልበት ወይራ ሥር አቆሙኝ።

"አባቶቼ፣" አልኩ፣ "ከሣጥኑ ሥር ቀዳዳ በስቻለሁ። ያ ቀዳዳ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጋዙ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ሰው ልካችሁ አስፈትሹልኝ።"

ሰብሳቢው ሽማግሌ ቀና አሉ። "ቆይ እስቲ። ጀልባዋን በስተሃል?"

"በስቻለሁ።"

"በገዛ እጅህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "እንግዲህ ምን ቀረ? ሰውየው አመነ።"

"የሚያድናቸው እኮ ቀዳዳው ነው፣ አባቴ።"

"የሚስትህን እንስራ ብበሳልህ ትመርቀኛለህ?"

ሰዉ ሳቀ። ጀልባ በዓይኑ ያላየ ሰው ሁሉ በጀልባ ፈረደብኝ። በያጁ ከባለ ማረፊያው አጠገብ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያን ጊዜ ማን እንደ ደፈነው ገባኝ። ወርዳችሁ እዩ ብዬ ደግሜ ብለምን፣ "ለአንድ ቀዳዳ ቆላ ወርደን ወባ ይብላን?" አሉኝ። እምቢ ብል የሚጠብቀኝ ጠመንጃው ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ተሸከምኩ። ደጃቸው ስደርስ ታላቅ ወንድሟ ከማጅራቴ አወረደልኝ። እሷ እጇን በነጭ ጨርቅ እንደ ጠቀለለች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሽማግሎቹ ጸሐፊ ወረቀት አቀረበልኝ። ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ "ይቅር መባባላችሁን ነው" አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። አንድ ቅጂ ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ ላሊበላ ውስጥ ማንም ምድጃ አላስነካኝም። አንድ የሆቴል ኃላፊ፣ "ወንድሜ፣ ሽማግሌ ያሠረውን እኔ አልፈታም" አለኝ። ምን እንዳሠሩ አላወቅሁም። ጋሸና ወጥቼ ለሹፌሮች ምግብ ቤት የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ኖርኩ። በጋዝ የሠለጠነ እጅ ለከሰል ዋለ።

ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ጋሸና ነው፣ በአርባ አንድ ዓመቴ፣ እሑድ እሑድ፣ ከአሮጊቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ዕውቀት ፈልጌ አይደለም፤ ንቀው ስላታለሉኝ ተናድጄ ነው። ማንበብ ስችል ያን ወረቀት አወጣሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጀልባውን በመብሳት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረሴን አምኛለሁ ይላል። ከእንግዲህ በጋዝ የሚሠራ ዕቃ ላልነካ ቃል ገብቻለሁ ይላል። ሦስት ዓመት እንደ ክታብ በኪሴ የያዝኩት ይህን ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሹፌር ጀልባዋ ወደ ላሊበላ መመለሷን ነገረኝ። ንግዱ አልሆነም፤ ሰውዬው ጓሮው አስቀምጦ መጠጥ ሊሸጥባት ነው። በማግሥቱ ላሊበላ ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ሰብሳቢው ሽማግሌ ቤት ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

"ማን አስጠናህ?" አሉኝ።

"ማንም አላስጠናኝም፤ ማንበብ ተምሬ ነው።"

"እኔም አላነበብኩትም፣ ልጄ። እኔም ፊደል አልቆጠርኩም። ጸሐፊው የነገረኝን አምኜ ነው።"

"እንግዲያው ዛሬ የሚነበብ ነገር የለም። በዓይን የሚታይ ነው። ቆላም አይደለም፤ ከደጅዎ ሁለት መቶ እርምጃ ነው።"

መጡ። ሌሎች ሁለት ሽማግሎች አመጡ። ሴትዮዋም ተጠርታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር መጣች። በያጁ እዚያው ጓሮ መደርደሪያ ይበይድ ነበር። እኔ ሞረድ ይዤ ከሣጥኑ ሥር ሰማያዊውን ቀለም ፋቅሁ። ልጥፉ ብቅ አለ። የርሱን ብየዳ የላሊበላ በር ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደ ዶሮ ኩስ የተንጠባጠበ ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህ የማን እጅ ነው?"

በያጁ መነጽሩን አወለቀ። "ትሰጥማለች ብዬ ነው፣ አባቴ። ሰው ላድን ብዬ ነው።"

ሴትዮዋ የግራ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። "አድነኸኛል፤ ይኸው" አለችው።

"ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም?" አሉት ሽማግሌው።

"ዝም በል ተባልኩ" አለና ወደ እኅቱ ባል አየ። ባለ ማረፊያው ያለፈ ነገር ነው፣ ቡና ይፈላ እያለ ነበር። ማንም አልተቀመጠለትም።

ሽማግሎቹ እንደ ልማዳቸው በሉ ተሳሳሙ አሉን።

"አልስምም" አልኩ። "ሥራዬን መልሱልኝ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ቀደዱት። ጸሐፊው ዘንድ ያለውንም አስመጥተው ቀደዱ። ወረቀት ግን ምን ያደርጋል፤ አገሩ የሚፈራው እኔን ነው። ይህን ያወቀችው ወጥ ሠሪዋ ናት።

"መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቻለሁ፤ ማገዶ ጨረሰኝ" አለች። "የጋዝ ምድጃ ይትከልልኝ።"

ወንድሟ፣ "እኅቴ፣ አበድሽ?" አላት።

"አንተ ነህ የምታበስለው?" አለችው።

ምድጃውን ለማግኘት ሳምንት ፈጀ። ስተክል ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ እጄን ይጠብቅ ነበር። መንገደኛው ቆመ፤ የሆቴል ወጥ ቤቶችም መጥተው ቆሙ። ስጨርስ ክብሪቱን አልሰጠችኝም። የክብሪቱን ሣጥን በግራ ክርኗ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ በቀኝ እጇ ጫረች። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተያያዘ። ድስት ጣደችና ሽንኩርት አምጡ አለች። ከቆሙት የሆቴል ሰዎች አንዱ፣ የእኛም ፍሪጅ ከቆመ ወር አልፎታል አለኝ። ነገ እመጣለሁ አልኩት። ይህ የሆነው ጥር 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው።