ጉልበቴና የጋሽ ማቴዎስ ይቅርታ

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሁለት የመዘምራን ልጆች ጠጋ አሉኝ። ጋሽ ማቴዎስ ከሽምግልና አገልግሎት ሊሰናበቱ ነውና በዕለቱ እንድመሰክርላቸው ፈለጉ። «አሰልጣኝ፣ አንቺን የመለሱሽ እሳቸው አይደሉ?» አለችኝ አንደኛዋ። እዚሁ ጆበርግ የተወለደች ናት፤ የሰማችውን ነው ያለችው። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ያኔ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር፣ በእኅቴ ባል ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦና ፓራፊን የሚሉትን ነጭ ጋዝ እሸጥ ነበር። ኖምሳ የምትባል ደንበኛችን ከመኪና ላይ የተወረወረልኝን ጥቅል ጎመን በአንድ እጄ ስቀልብ አይታ፣ «ሲሲ፣ እኅቴ፣ እነዚህ እጆች እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። ሜዳ የወሰደችኝ እሷ ናት። ጨዋታው የአውስትራሊያ ነው፤ ኳሱ ሞላላ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ከሰው ትከሻ በላይ ዘለው የሚቀልቡት። የዚህ አገር ክረምት ደረቅ፣ ሣሩ ቢጫ፣ አየሩ የከሰል ጭስ ነበር። ስንጨርስ ማግዊንያ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በትኩሱ ቆመን እንበላ ነበር። እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም። ችግሩ ጨዋታው እሁድ ከሰዓት፣ ልብሱም ቁምጣ መሆኑ ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ ሱቅ ድረስ መጡ። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ «ልጄ፣ ወይ ኳሱን ወይ የጌታን እራት ምረጪ» አሉኝ። በሳምንቱ ስሜ በጉባኤ ፊት ተነበበ። የታገደ ሰው የኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ የእራቱ ትሪ ሲደርሰው ሳይቆርስ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ቆሞ በደሉን እስኪናዘዝ ሰርግ እንኳ የሚጠራው የለም። እኔ ኳሱን አልተውኩም። ትሪ ማቀበሉንም ለመድኩት።

አንድ እሁድ ልቀልብ ዘልዬ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ዞረ። ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ከእንግዲህ ጨዋታ የለም አለኝ። የቡድኑ ልጆች ግን አላሰናበቱኝም፤ በምርኩዝ ቆሜ ማሰልጠን ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ሥራዬ እሱ ነው።

በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ዕለት ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ማቴዎስ መድረክ ወጥተው፣ «ጌታ ገሥጾ እኅታችንን መለሰልን» አሉ። ማንም የጠየቀኝ የለም። ሴቶች እያለቀሱ አቀፉኝ። አፌን ልከፍት ስል እኅቴ ክንዴን ጨበጠችው፤ ስሜ በተነሳ ቁጥር ማፈር ሰልችቷት ነበር። ለእሷ ስል ተውኩት። ትሪው ሲመጣ ግን እንደለመድኩት ሳልቆርስ አቀበልኩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ያየኝ የለም።

ዛሬ የጋሽ ማቴዎስ የልጅ ልጅ እኔ ዘንድ ትሠለጥናለች፤ በቁምጣ፣ እሁድ ከሰዓት። አያቷ መኪና ውስጥ ሆነው ያጨበጭቡላታል። ስለ እገዳዬ ያነሱት ቃል የለም፣ እኔም አላነሳሁም።

ትናንት ለመዘምራኑ ልጆች መልሴን ሰጠሁ። «ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ አልተመለስኩም፤ ጉልበቴ ነው የተበጠሰው» አልኳቸው። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እገዳውስ ያደረግኩትን አይቶ የመጣ ነበር፤ ቻልኩት። ያልጠየቅኩትን ይቅርታ ግን ይኸው እስከ እርጅናዬ አልቻልኩትም።