ውሃ አልጠጣ ያሉት ጨርቆች

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በጣም ቀጭን ስለሆኑ ሁላችንም እትዬ ክር እንላቸዋለን። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የጨርቁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ ክፍሉ ራሱ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ልጃቸው ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ እዚያው ቁጭ ብለው ከአሮጌ አንሶላና ፎጣ ሃያ አራት የሽንት ጨርቅ ሰፉ። አንዱን በጨረሱ ቁጥር ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው ገና ላልመጣው ሕፃን አንድ ቃል ይጸልዩ ነበር።

ሕፃኗ ተወለደች። የሱቁ ዳይፐር ግን አልተስማማትም፤ ቆዳዋ ቀልቶ ስትነካ ታለቅሳለች። ስለዚህ ወደ ጨርቁ ዞሩ። ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«እማዬ፣ ጨርቅሽ ውሃ አይጠጣም! አልጋው ጎርፍ ሆኗል።»

ባሏ አንሶላውን እየጨመቀ «እማማ፣ ልጅቷን ከአሁኑ ዋና ልናስተምራት ነው እንዴ?» አለ።

«እስከ እሁድ ልሞክር፤ ካልሆነ ግን ወደ ዳይፐሩ እመለሳለሁ» አለች ልጃቸው።

እትዬ ክር አንዱን ጨርቅ ይዘው መስኮቱ ሥር ተቀመጡና በጣታቸው የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ጠብታዋ አልሰረገችም። ድቡልቡል ብላ ቆመች፤ ሰማዩ በሙሉ ከነደመናው ውስጧ ገብቶ ይታይ ነበር። እሳቸውም ሥራቸውን ረስተው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ጨርቁን አሸተቱት፤ አበባ አበባ ይላል።

«ልጄ፣ በምንድን ነው የምታጥቢው?»

«በሳሙና ነዋ። መጨረሻ ላይ እንዲለሰልስላት ማለስለሻ እጨምርበታለሁ። ሁለት ክዳን።»

«ወይ የኔ እናት! ከፍቅርሽ ብዛት ቅባት አጠጣሽው። እሱን ጠግቦ ሌላ በየት በኩል ይጠጣ?»

ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ሃያ አራቱንም ያለ ማለስለሻ፣ በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥበው ጣራው ላይ አሰጧቸው። ነፋሱ ሲነፋቸው ቤቱ በሙሉ ሸራውን ዘርግቶ ወደ ሩቅ የሚጓዝ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ቀላል ነገር ለሰጠን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ወላጆች ሆይ፣ ጨርቅ ታጥቦ ይመለሳል፤ ዳይፐሩ ግን የትም አይሄድም፣ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ይቀመጣል እንጂ።

እሁድ ከሰዓት ሕፃኗ ተኝታ ሳለ እናቷ እጇን ቀስ አድርጋ ከሥሯ አስገባች። አንሶላው ደረቅ ነው። ቅላቱም ደብዝዟል።

«እማዬ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ስታድግስ? ትልቁን እንዴት ነው የምትቆርጪው? አሳዪኝ።»

እትዬ ክር ወንበራቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።