ጫማ ሥራ አይፈታም

ነገሌ ቦረና ገበያ ውስጥ ራሱን በራሱ ያከሰረ ባለሙያ ካለ ጫማ ሠሪው ዲባ ነው። በ1984 ዓ.ም. አንድ ቢላ፣ አንድ ጉጠትና አንድ መዶሻ ይዞ ሥራ ጀመረ። ሾፌሮች የጣሉትን አሮጌ ጎማ እየቆረጠ የሚሠራው በረባሶ ግን አያልቅም። ማሰሪያው ቢላላ እንኳ በነጻ ያጠብቃል።

«ኦቦ ዲባ፣ ያንቱን ጫማ የገዛ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ሌላ እግር ሲያበቅል ነው» ትለዋለች ቀድሪያ። እሷ ከጎኑ ሆና ከሞያሌ የመጣ የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። የእሷ ደንበኛ በየሦስት ወሩ ይመለሳል።

እየሰነበተ የዲባ ጫማ ከባለቤቱ በላይ መኖር ጀመረ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟች በረባሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየ። በሩ ላይ ደግሞ ባዶ እግራቸውን የመጡ ለቀስተኞች ቆመዋል። ንዴቱን እስከ እድሩ ስብሰባ ድረስ ይዞት ቆየና ብድግ አለ።

«ጫማ ሥራ አይፈታም። የለቅሶው ድንኳን ሲነሣ የሟቹ ጫማ ወደ እኔ ይምጣ፤ ለሌለው አስተካክዬ እሰጣለሁ።»

«የሞተ ሰው ጫማ ገድ የለውም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሞት በጫማ የሚገባ ቢሆን ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አይሞትም ነበር» አለ ዲባ። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያመጣለታል። ሚስማሩን ይነቅላል፣ የጎበጠውን ያቀናል፣ ማሰሪያውን በአዲሱ ሰው እግር ልክ መልሶ ይመታል። ተቀባዩ ያለበት ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ ሲበቃው ይመልሳል። በዚህ ዓይነት አንድ ጫማ አራት ሰው ሲያገለግል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አንድ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀለን ነበር።

ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ታዲያ አልጋው ሥር ምን እንደደበቀ ልንገራችሁ።

ሚስቱ ጃለኔ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗል። በወጣትነታቸው ጊዜ፣ ሞያሌ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ከቆመ የጭነት መኪና አንድ ጎማ አምጥቶ ነበር። የጎማው ጥርስ እንደ ሽሩባ የተጠላለፈ፣ አገር ያላየው ዓይነት ነው። ሌላው ሁሉ ተበልቶ ለአንድ ጥንድ የሚበቃ ብቻ ተርፎ ስለነበር ያንን ለጃለኔ ሠራላት። ከዚያ በኋላ የት እንደዋለች መጠየቅ ቀረ። ሽሩባው በቀዩ አቧራ ላይ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጎረቤት ታትሞ ይታያል። ማታ ሲመለስ ዱካዋ ወደ ቤት ከገባ ደስ ይለው ነበር።

ስትሞት ልብሷን ሁሉ ለሰው ሰጠ። በረባሶዋን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ልብሱን ያከፋፈለችው ቀድሪያ ጫማው እንደጎደለ አውቃለች፤ አውቃም ዝም አለች።

በ2014ቱ ድርቅ ከብቶቿ ያለቁባት ዱረቲ የምትባል ሴት ከገጠር መጥታ ቀድሪያ ቤት ተጠጋች። ለየሻይ ቤቱ ውሃ እየቀዳች ትኖራለች። አንድ ጠዋት ቀድሪያ ይዛት ዲባ ዘንድ ቀረበች። የዱረቲ የፕላስቲክ ጫማ ለሁለት ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሯል፤ ተረከዟን እሾህ ወግቷት ቆስሏል።

«የኔ ጫማ ነው። እሾሁን አልቻለውም» አለች ቀድሪያ አንገቷን ደፍታ። ይህ ከእሷ አፍ ይወጣል ብሎ ዲባ አስቦ አያውቅም።

ግን ምን ያድርግ? የተሰበሰበው ጫማም፣ ያለው ጎማም ከድርቁ ሸሽተው ለመጡት ሰዎች አልቋል። «ቅዳሜ ጎማ ይመጣልኛል። እስከዚያ ታገሺ፣ ልጄ» አላት።

«አባቴ፣ እስከ ቅዳሜ ከተቀመጥኩ ምን እበላለሁ?»

ቀድሪያ ቀስ ብላ፣ «ኦቦ ዲባ፣ ጫማ ሥራ አይፈታም ያሉት አንቱ አይደሉም?» አለችው።

ተቆጣ። ፊቱን አዙሮ ባዶውን ጠረጴዛ ሁለት ሦስት ጊዜ በመዶሻ መታ። ከዚያ መዶሻውንና ጉጠቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጨርቁን ሲፈታ በጫማው ላይ የጃለኔ የእግር ጣቶች ያጎደጎዱት ቦታ እንዳለ ነው። የዱረቲ እግር ሰፋ ስለሚል ማሰሪያው ተነቅሎ መርዘም አለበት። የስንቱን ሟች ጫማ ሳያመነታ የፈታው እጁ ያን ቀን ጉጠቱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። አልደብቅም፣ አለቀሰ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ አቀና፣ እነዚያኑ ሚስማሮች መልሶ መታ።

ጫማውን ይዞ ወደ ገበያ ተመለሰ። ዱረቲ ቁስሏን በጨርቅ አስራ ተጫማችና ቆማ ሞከረችው። «ገለቶማ፣ አባቴ» ብላ አመስግና ጄሪካኗን አንሥታ ሄደች። ዲባ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ማልዶ ወደ ሥራው ወጣ። ሌሊቱን ነፋስ የትናንቱን ዱካ ሁሉ ከአቧራው ላይ ጠርጎት መንገዱ ንጹሕ ነበር። እቦታው ሲደርስ ቆመ። ከቀድሪያ ቤት በር ተነሥቶ፣ በእሱ ጠረጴዛ ፊት አልፎ፣ ወደ ውሃው የሚወርድ የሽሩባ ዱካ ታትሟል።

ከዚያ እንዳይረግጠው ጥጉን ይዞ ዞረና ዕቃውን መዘርጋት ጀመረ።