ከሰዓት በኋላ የሚወድቅ ባቡር

ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ባለው አገር ስለ ባቡር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እንዲታወቅ ያህል ነው። ሞተሩን በድምፁ፣ ሀዲዱን በጣቴ ብቻ ዳስሼ ሕመሙን የምናገር ሰው ነኝ። ባቡር ላይ ተሳፍሬ አላውቅም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሄድም በዓይኔ አላየሁም። ከከሚሴ ወጣ ብሎ በሚያልፈው በትልቁ ሀዲድ ላይ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ነገር ቢኖር የሰው ፍየል ነው። እውቀቴን በሙሉ ያገኘሁት ከስልክ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ሲኖር።

ሥራዬ ራዲዮና ስልክ መጠገን ነው። ከሱቄ በስተጀርባ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል አለችኝ፤ በግንቦት ቀትር እንቁላል ብታስቀምጥባት ያለ እሳት ቀቅላ ታወጣልሃለች። ትንሹን ባቡር የሠራነው እዚያ ውስጥ ነበር። «የሠራነው» ያልኩት አናጢው ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ ስለሆነ ነው፤ ይህንን ሊያነበው ይችላል።

አናጢው የተፈጠረበት ቀን ሳቅ ያለቀበት ሰው ነው። ባወቅሁት ዘመን ሁሉ ሲስቅ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መበየጃው ጣቴን የጠበሰኝ ዕለት። ሆኖም እንጨት እጁ ሲገባ ያዝዘዋል፣ ይህን አልክድም። ሥራውን ተከፋፈልን። ጠረጴዛው፣ ተራራው፣ ከሀዲዱ ሥር የሚነጠፉት እንጨቶች፣ ከሁሉም በላይ የቦርከና ወንዝ ድልድይ የእሱ ሆኑ። የጨፋን ሜዳ አረንጓዴ ቀለም በነከረው ሰጋቱራ አለበሰው፤ ማሽላው በሩቁ ሲታይ ወፍ መጠበቅ የሚያስፈልገው ይመስል ነበር። ሀዲዱ፣ መብራቱና ባቡሩ የእኔ ሆኑ። ሞተሩን ከሞተ ቴፕ አወጣሁ፣ የባቡሩን ገላ ከሰርዲን ጣሳ ቆረጥኩ። ሀዲዱን ደግሞ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ሠራሁት፤ መብራት እንዲያስተላልፍ አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አነጣሁት። ሽቦዎቹን ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ በየድኳቸው። መጋጠሚያው በጥፍር ቢፈለግ አይገኝም። ዙሪያውን አንድ ወጥ ብረት አደረግሁት፤ ምክንያቱም ክፍተት ካለ መብራት ይቋረጣል። ይህንን የማያውቅ ጠጋኝ ሱቁን ዘግቶ ጫት ይሽጥ።

አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ እንሰበሰብ ነበር። ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ማራገቢያው ይከፈታል፣ ወሬው ይጀመራል። መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ዝናብ፣ ከዚያ የባቲ ገበያ እንዴት ዋለ። ከዚያ ባቡሩ ይነሳል። ተራራውን ይዞራል፣ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ድልድዩ መሐል ሲደርስ ወገቡን እንደታመመ ሰው ጋደል ብሎ ቦርከና ውስጥ ይገባል።

«ድልድይህ ጠማማ ነው» እለዋለሁ።

«ባቡርህ ሰካራም ነው» ይላል እሱ፤ ውሃ ልክ የሚለካበትን መሣሪያ ድልድዩ ላይ ያስቀምጣል። ልክ ይሆናል። እኔም ባቡሩን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ በሌላ ቀጥ ያለ ሀዲድ ላይ እነዳዋለሁ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለታችንም ልክ ነን፣ ባቡሩ ግን ወንዝ ውስጥ ነው።

የሚያናድደው ጠዋት ጠዋት አለመውደቁ ነበር። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ብቻዬን ስሞክረው አርባ ዙር ይዞራል፤ እሺ፣ አስር። ይህን ስነግረው አናጢው ውሸታም ነህ አለኝ። እኔ ደግሞ ባቡሩ የሚወድቀው ያንተን ፊት ሲያይ ነው አልኩት። ወሬያችን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ጤና መጠያየቅን ተወ።

ድልድዩን አፍርሶ እንደገና ሠራው። ወደቀ። ከዋንዛ ሠራው። ወደቀ። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ባጃጅ ተራ ስሄድ የአናጢው ድልድይ ጉንዳን እንኳ በደረቁ አያሻግርም እያልኩ አወራሁ። ሰዉ ሲስቅልኝ ጨመርኩበት፤ ቦርከና ራሱ ድልድዩን ሲያይ መንገድ ቀየረ አልኩ። የሚኒባስ ረዳቶች ተቀባበሉት። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ውስጥ የተሰነጠቀ ወንበር ሁሉ «የድልድዩ ወንድም» ተባለ። ከጨፋ ወገን የሚያገባ አንድ ሰው አናጢውን አልጋ አዝዞት ነበር። መጥቶ ትእዛዙን ሰረዘ። ሙሽራዬን ይዤ ልወድቅ ነው ወይ፣ አለው አሉ፤ አልጋውን ኮምቦልቻ ሊያሠራ ሄደ።

አናጢው የዚያን ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመ። የሰው ስልክ ፈትቼ ይዤ ነበር። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ድምፁን እንኳ አልጨመረም።

«አባቴ የሠራው በር እስከ ዛሬ ይዘጋል» አለ። «አያቴ የሠራው ሣጥን እስከ ዛሬ ይከፈታል። እኔን አንተ በአንድ ወር ጨረስከኝ።»

ቀልድ ነው እኮ አልኩት። ቀልድ ከሆነ ለምን እኔ አልሳቅሁም ሲል ጠየቀኝ። አንተማ መቼ ስቀህ ታውቃለህ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን አይቼ ዘጋሁት። ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። በሚቀጥለው አርብ ከሁለታችንም ወገን ያልሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈርዳል። ጥፋቱ የድልድዩ ከሆነ ድልድዩን በገዛ መጥረቢያው ይፈልጠዋል፣ የአናጢነት ስሙንም እንደፈለግሁ ላድርገው። ጥፋቱ የሀዲዱ ከሆነ ግን ባጃጅ ተራ በቀልድ የተናገርኩትን ሁሉ እዚያው ባጃጅ ተራ ቆሜ በቁም ነገር እመልሳለሁ። ካልመለስኩ ጠረጴዛውን ይወስዳል።

ጠረጴዛው ከሄደ ባቡሩ የሰርዲን ጣሳ ነው። እኔም አርብ ከጁምዓ በኋላ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም፤ ሰው በቀልዴ ይስቃል እንጂ ቤቱ አይጠራኝም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ቶሌ፣ እሺ፣ አልኩት።

ፈራጅ የሚሆን ሰው ለማግኘት አልተቸገርንም። ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ሽማግሌ በሰፈራችን አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ሀዲድ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፤ ማለት በእግራቸው እየሄዱ የላላውን ሲያጠብቁ፣ የተሰበረውን ሲያስነግሩ። ዓይናቸው ደክሟል። አናጢው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው፣ እኔ ወንበር አቀረብኩ፣ ሁለታችንም አባባ አባባ እያልን ተሽቀዳደምን። አባባ ይጠጡ እያልኩ ለስላሳ ስከፍት አናጢው ጉቦ ነው አለ። ውሃ አቅርቦላቸው ስለነበር ያንተስ ምንድነው አልኩት። ሽማግሌው ሁለቱንም ጠጡ።

ክፍሏ እንደ ምድጃ ነድዳለች። ባቡሩን ለቀቅሁት። ተራራውን ዞረ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ወደቀ። አናጢው አላየኝም። መጥረቢያውን ከበር ሥር አምጥቶ እግሩ አጠገብ አስቀምጦት ነበር።

ሽማግሌው ግን ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበሉ። እንደገና ልቀቀው አሉኝ። ለቀቅሁት፤ ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ልቀቀው አሉኝ። በዚህኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ድምፁ የት አለ?» አሉ።

«የምን ድምፅ አባባ? ሞተሩ ይሰማል እኮ።»

«ሞተር አይደለም ያልኩህ። ባቡር ሲሄድ ይቆጥራል። ይሄ ያንተ አይቆጥርም።»

ከዚያ ተነስተው ጣታቸውን በሀዲዱ ላይ እያስኬዱ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ዞሩ። መጋጠሚያ ሲፈልጉ አጡ። ይህን ሁሉ ማነው የበየደው ሲሉ ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ፤ እንዲያውም መጀመሪያ ኮርቼ ነው ያልኩት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል አሉ፤ በእሳቸው መስመር በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተው ነበር፣ በሙቀት ሲረዝም የሚገባበት እንዲኖረው። የባቡሩ ቆጠራ ጎማው በዚያ ክፍተት ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ነው። የእኔ ሀዲድ ክፍተት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ ሲረዝም የሚሄድበት አጥቶ በድልድዩ ላይ ወደ ጎን ይጎብጣል። ጠዋት ተመልሶ ይቀናል። መብራት እንዳይቋረጥ ከሆነ የፈራኸው፣ አሉኝ፣ ከሥሩ ቀጭን ሽቦ አሳልፈህ ብታገናኘው ምን ነበረበት።

እኔ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ አቻ የሌለኝ ሰው፣ የበየድኩትን መጋጠሚያ በጥፍሬ መፈለግ ጀመርኩ። አናጢው መጥረቢያውን አንስቶ ወደ በሩ መለሰው። በዚያ ቢያበቃ ይቅርታዬን ተናግሬ፣ ሁለት ቀን ተሳቅቄ፣ አርብ ተመልሰን በተሰበሰብን ነበር። ሽማግሌው ግን ጣታቸው ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እዚህ ላይ ዝጓል» አሉ። «ሌላው ጋ የለም። ይሄን ማን አረጠበው?»

አናጢው ጎንበስ ብሎ አየ። በድልድዩ ርዝመት ልክ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሀዲዱ ቀይ ሆኗል። ክፍሏን የሚከፍት ቁልፍ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። አናጢው ሲናደድ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ አሁን የተሻገረው ግን ቀስ ብሎ ነው።

«ኒ ቤክታ ቱርቴ?» አለኝ። ታውቅ ነበር ወይ ማለቱ ነው።

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር አፌ ላይ አይጠፋም። ቦርከና ሞልቶ ይሆናል አልኩ። ሽማግሌው አልሳቁም። አናጢው ካልሲውን ሳያስተካክል ጫማውን አደረገና ወጣ፤ ይቅርታዬን ሳይጠብቅ ሁለት ሠራተኞቹን ይዞ ሲመለስ ጠረጴዛውን ከነተራራው፣ ከነጨፋው፣ ከነሀዲዱ አንስተው በበሩ አሾልከው ወሰዱት። ባቡሩን ብቻ መስኮቱ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ባጃጅ ተራ ሄጄ እመልሳለሁ ያልኩትን ተናገርኩ። አንድ ድንጋይ ላይ ቆሜ ድልድዩ ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የሀዲዴ ነው አልኩ። ከሁሉም ቀልዶቼ ይልቅ በዚህ ሳቁ፤ አዲስ ቀልድ መስሏቸው ነው። ሙሽራው አልጋውን ኮምቦልቻ አሠርቶ አግብቷል። ሀዲዱን ሽማግሌው ባሉት መንገድ ቆራርጦ የሠራው አናጢው ነው፣ ባቡርም ሌላ ሠርቷል። አርብ በሱቁ በኩል ሳልፍ ባቡሩ ሲቆጥር ይሰማኛል።

ለጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። አውቅ ነበር። ሙሽራው አልጋውን ከመሰረዙ በፊት፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ሀዲዱን ስነካ ጣቴን አቃጠለኝ። ላቀዘቅዘው ብዬ እርጥብ ጨርቅ ጣልኩበት፤ ጨርቁን ሳነሳ የጎበጠው ቀንቷል። ሲደርቅ ተመልሶ ጎበጠ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቴም ያው ነው። ከዚያ ክፍሉን ቆልፌ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። ሰው እየጠበቀኝ ነበር፣ የዚያን ቀን ስለ ድልድዩ አዲስ የማወራው ነበረኝ፣ እንዲስቁልኝ ፈለግሁ።