ደጀን ያደረው የመጨረሻ ክፍል

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። የመጀመሪያዋ ልጄ ማኅደር ናት፤ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛዋ እናቷ ጥሩዓለም ናት። ሦስተኛው የጥሩዓለም ታናሽ ወንድም አዲሱ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እህል ይነግዳል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ወር ነው። ከልቤ ያልወጣው ልጄን ስላጣሁ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም እያልን ስለምንኖር ነው። እኔም ራሴ እንዲሁ እል ነበር።

ማኅደር የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰ ልቧን ነካው። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ የትምህርት ቤቱን ዳገት መውጣት አቃታትና ቤት ዋለች። አዲስ አበባ ያለ የአክስቷ ልጅ እንዳይሰለቻት ብሎ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሔቶች ይልክላት ጀመር። ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ሰው የሚያድኑባቸው፣ ልጆቹ ኮሚክ የሚሏቸው ናቸው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ከታናሽ ወንድሜ ደብተር፣ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ንባብ ለእኔ መጫወቻ አይደለም። መጽሔቶቹን ሳያቸው ተቆጣሁ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮሚክ ነው አባዬ።»

«ኮሚክ ከሆነ ለምን አያስቅም?»

«አንተስ ኮስታራ አይደለህ? ግን ታስቃለህ» አለችኝ። እናቷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

አንዱን ክፍል ብቻ እንዳነብ ለመነችኝ። ከጠላሁት ሁሉንም ልትተወው ተስማማን። የሰጠችኝ የአንዲት ሴት ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ ቀን ቀን ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ሊወድቅ የደረሰ ነገር ሥሩ ከገባችበት ይቆማል፤ ድልድይም ቢሆን፣ ፎቅም ቢሆን። ነገር ግን የያዘችው ክብደት ከላይዋ አይወርድም። ድልድዩን ባቆመች ማግስት የቤቷን ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ማኅደር በአማርኛ «ተሸካሚዋ» ብላ ሰይማታለች።

«አየህ አባዬ፣ ጀግና ሆናም ይደክማታል» አለችኝ።

የእንጨት ሰው ነኝና ቀድሞ የያዘኝ ሥዕሉ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል እንደ መስኮት በክፈፍ ተይዟል። ነገሩ ጸጥ ሲል ክፈፉ ይሰፋል፤ ጭንቅ ሲመጣ ይጠባል፣ ዓይንም ሳይታወቀው ይፈጥናል። በአንድ ገጽ ላይ ድልድዩ ሲሰነጠቅ የሴትዮዋ ክንድ ክፈፉን ጥሶ ወደ ታችኛው ሥዕል ይገባል። «እንዲህ ያለ መስኮት ሠርቼ ብወስድ ባለቤቱ ይመልስልኛል» አልኳት። ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር ግን ቶሎ ተወችው።

ጽሑፉም ከሥዕሉ አያንስም። ሥዕሉ የተናገረውን ቃሉ አይደግመውም። ድልድዩን ተሸክማ በቆመችበት ገጽ ላይ አንድም ቃል የለም። የሚታየው ጉልበቷና ከላይዋ የሚያልፉት መኪኖች ጎማ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ያሉት ሰዎች ከሥራቸው ማን እንዳለች አያውቁም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ ውለታ ከዚህ የበለጠ የነገረኝ አላገኘሁም። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚያነቡትን ከመናቃችሁ በፊት ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ አብረን እናነብ ነበር። እሷ ሥዕሉን ታስረዳኛለች፤ እኔ ያልገባንን ቃል ከመዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ። የመጨረሻው ክፍል ግን አልነበረንም። ከእሱ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ተሸካሚዋ ሊፈርስ የተቃረበ ግድብ ሥር ቆማለች፤ እስካሁን የያዘችው ክብደት ሁሉ በላይዋ ነው። ትችለዋለች ወይስ አትችለውም? ማኅደር ወራት ሙሉ ወሬዋ ይኸው ነበር።

በዚያ ጥር የምርመራ ወረቀቶቿን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለቀዶ ሕክምና ተራ ያዝኩላት። ከዚያም አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ዞሬ ዞሬ የመጨረሻውን ክፍል አገኘሁት። ደውዬ ነገርኳት።

«እንዳታነበው» አለችኝ። «ካነበብከው ፊትህ ያሳብቅብሃል።»

ላላነብ ማልኩላት።

ስመለስ ዓባይን ተሻግረን ደጀን የደረስነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። የመጣሁበት መኪና ከዚያ አያልፍም። ወደ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ሰው እየጫነ ነበርና ልገባ ስል አዲሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«ደጀን ነኝ፤ ልሳፈር ነው። ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ተሽሏታል። አይቸኩሉ። መንገዱም የሚመሽበት አይደለም፤ እዚያው አድረው ጠዋት ይምጡ።»

«እስቲ ስጣት።»

«አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀስቅሳት ጋሼ።»

ተሽሏታል ሲለኝ ደስ አለኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። እኔ አልጋ ያዝኩና መጽሔቱን ሳልከፍተው ትራሴ ሥር አስቀምጬ አደርኩ።

ጠዋት አዲሱ ደግሞ ደወለ። ለእህል ጉዳይ ወደ ደጀን እየመጣ መሆኑን፣ አብረን እንደምንመለስ ነገረኝ። ጠበቅሁት። ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ከአቧራው ነው አለኝ።

«እህሉስ?» አልኩት።

«ዋጋው አልተስማማኝም፤ ተውኩት።»

አዲሱ ለአንድ ኩንታል ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። ያን ጊዜ ማስተዋል ነበረብኝ። አላስተዋልኩም።

ተሳፈርን። ስለ ማኅደር ስጠይቀው «ደህና ናት» ይልና ሌላ ወሬ ያመጣል። ኋላ ቦርሳዬን አይቶ «ያ የልጅቷ መጽሐፍ ተገኘ?» አለኝ። አዲሱ ከደረሰኝ በቀር ወረቀት አያነብም።

«ተገኘ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

«እሷ ሳታየው? ምዬላታለሁ እኮ።»

«ይክፈቱት ጋሼ። አትቆጣም።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ እስካሁን የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ ከሉማሜ እስከ አምበር በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሥዕሉን በጣቴ እያሳየሁ፣ ክፈፉ የት እንደሚሰፋና የት እንደሚጠብ እያስረዳሁ። ተሳፋሪው እየዞረ ያየን ነበር። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ለካ ለሰው ለማሳየት ጓጉቼ ኖሯል።

ግድቡ ከተሸካሚዋ አቅም በላይ ሆኗል። የከተማው ሰዎች መውጫ መንገድ በግድቡ ላይ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ቀርቦ ለሕዝቡ ምን እንደሚል ይጠይቃታል። ሕዝቡ እንዳይሸበር፣ ሁሉ ደህና ነው ሊላቸው አስቧል። እሷ ከክፍሉ መጀመሪያ ጀምሮ አልተናገረችም። እዚያ ላይ ብቻ ትናገራለች።

«ብዙ አልቆይም። እውነቱን ንገራቸው። እኔ ቆሜ ሳለሁ ይምጡና ይለፉ።»

ይህን ሳነብለት አዲሱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

«ነጋዴም ሆድ አለው ለካ» አልኩት። በታሪኩ የተነካ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ኮርቼ፣ እንደ ደረስኩ ለማኅደር የምነግራት እሱን ነበር።

ማርቆስ ስንደርስ ወደ ቤቴ አልወሰደኝም። «እኔ ቤት ጎራ እንበል» አለኝ። ግቢው ሰው ሞልቶታል። የሴቶቹ ነጠላ ለሐዘን ተዘቅዝቋል። አንድም ሰው ሳይነግረኝ አወቅሁ። መጽሔቱ በእጄ ነበር፤ ማን እንደ ተቀበለኝ አላስታውስም።

ከቀብር በኋላ ጥሩዓለም ሁሉን ነገረችኝ። ማኅደር የጠናባት በዋዜማው ከቀትር ጀምሮ ነው። አዲሱ ሲደውልልኝ አልተኛችም። ቀና ብላ ለማንበብ እንዲመቻት ትራስ አስደርባ፣ በሩን እያየች «አባዬ የት ደረሰ?» ትል ነበር። እሷንም «ደርሷል፣ እየመጣ ነው» አሏት። ሊነጋ ሲል አረፈች።

አዲሱን ጠየቅሁት። «ደንግጠው መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ ብዬ ነው» አለኝ። «እንደ ወትሮው ታልፈዋለች ብዬ ነበር።» አምነዋለሁ። ክፋት አልነበረበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ስለዚህ ልቆጣው አልቻልኩም፤ ሐዘኔም መውጫ አጣ።

አሁን መንገድ ላይ ላለ ሰው ስደውል እንዳለ እናገራለሁ። ሰዎች ጨካኝ ይሉኛል። ይበሉ። የሚወደውን ሰው በሕይወት ሳለ ማግኘት የሚችል ሰው መቸኮል መብቱ ነው፤ ያንን መብት በደግነት ስም ልንወስድበት አይገባም።

ማኅደር የታሪኩን መጨረሻ ሳታውቅ ሄደች። ጥሩዓለም ያን ሌሊት ልጇን አቅፋ በሩን ስታይ አነጋች። አዲሱ ዛሬም ይጠይቀናል፤ ዓይኔን ሳያይ ሰላም ይለኝና ቶሎ ይሄዳል። እኔ ለልጄ ማንበብ የነበረብኝን፣ እሷ ከሞተች በኋላ ሚኒባስ ውስጥ እየሳቅሁ አነበብኩት። የሁላችንም ጉዳት ሲደመር ከደጀን እስከ ማርቆስ ያለች የአንድ ምሽት መንገድ ናት።