ብራዚል የነበረው ኮምፒውተር

ፕሮግራም ከሚጽፉ የሙያዬ ሰዎች መካከል እንደ «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ባይ የሚያናድደኝ የለም። ሆሳዕና ባለችው ትንሽ ቢሯችን ይህን አባባል የከለከልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጥፋተኛም እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ለጤና ጣቢያዎች የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም አለን። ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር የሚፈትሹት ቴስቶች፣ ትክክለኛ መልሳቸው አብሮ የተጻፈ ትንንሽ ፈተናዎች፣ በአሮጌው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አንድም ሳይወድቁ ያልፉ ነበር። ኮምፒውተሩ ማረጁን ሲያሳይ ቴስቶቹን ወደ አዲስ ላፕቶፕ የማዛወሩን ሥራ ለአዲሷ ባልደረባችን ሰጠኋት። የዳምቦያ ልጅ ናት፤ የሂሳብ አስተማሪነቷን ለቃ ነው እኛ ጋ በሙከራ የተቀጠረችው። በላፕቶፑ ላይ ዘጠኝ ቴስቶች ወደቁ።

«ምኑን ነካካሽው?» አልኳት ሰው ፊት። አንድም መስመር እንዳልነካች ነገረችኝ። አላመንኳትም፤ ስናደድ ሰው አልሰማም። ሐሙስ ዕለት ቅጥሯ እንዳይጸድቅ ደብዳቤ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ማስተማሩን ትታ ስለመጣች የምትመለስበት ሥራ እንደሌላት አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

አርብ ከሰዓት ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ትእዛዝ የምንጽፍበት ጥቁር መስኮት፣ ሼል የምንለው፣ ገና ሲከፈት ከአንድ ፋይል ላይ ቅንብሮችን ድምፅ ሳያሰማ ያነባል። እሷ የሁለቱንም ኮምፒውተሮች ቅንብር አትማ፣ የተማሪ ፈተና እንደምታርም መስመር በመስመር ማስመሪያ እያስደገፈች አመሳክራዋለች። ልዩነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ለምንም አይሆንም። አንዱን በቀይ እስክሪብቶ ከብባዋለች። አሮጌው ኮምፒውተር የሚኖርበት የሰዓት ክልል የብራዚል ነው ይላል።

ብራዚል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ እያለ የቢሮው ሰው የስክሪኑ ሰዓት እንደ እኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በዘጠኝ ፈንታ ሦስት እንዲል ይፈልግ ነበር። ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀር አገር ፈልጌ ያቺን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉም አደነቀኝ፤ ትንሽ ተጀንኜም ነበር። ቴስቶቹ የሚጠብቁትን መልስ ያዘጋጀሁትም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

«እንግዲያ እነዚህ ዘጠኙ...» ብዬ ጀመርኩ።

«መውደቃቸው ልክ ነው ጋሼ» አለችኝ። «የተሳሳተው እኛ የሰጠናቸው መልስ ነው።»

አንዱን ከፍታ አሳየችኝ። ሊነጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተወለደ ሕፃን፣ በአሮጌው ኮምፒውተር ግን በብራዚል ገና ማታ ስለሆነ የተወለደው ትናንት ነው። የክትባት ቀጠሮውም በዚያው ይዛነፋል። በጣም ደነገጥኩ። ሲያልፉ እያየሁ የኮራሁባቸው ቴስቶች ለዓመታት የገዛ ስሕተቴን ሲጠብቁልኝ ኖረዋል።

ያኔ ደብዳቤው ትዝ አለኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በሩጫ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነና ደብዳቤውን እንዲመልስልኝ ነገርኩት። ተረጋግቶ ሰማኝ። መሻር እንደሚችል፣ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሥራ ስትገባ ደብዳቤው ተሰጥቷት ፈርማ መቀበሏን ነገረኝ። ያን ሁሉ ወረቀት ያተመችውም ያመሳከረችውም መባረሯን ካወቀች በኋላ ነው።

ተመልሼ ደብዳቤው እንደተሻረ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት። ከዚያ መቀበሏን ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት።

«ብነግርዎት ለእንጀራዬ ስል የማደርገው ይመስልዎት ነበር» አለች። «ወረቀቱንም አያዩልኝም ነበር።»

እውነቷን ነው፤ አላይላትም ነበር።