ግራውን ስጠው

ትናንት ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ፣ ልጆች ከቅርጫት ኳስ ሜዳቸው ላይ የዝናብ ውሃ በመጥረጊያ ሲገፉ አየሁ። የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

ጥሎ ማለፍ ነበር፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። የጳውሎስ ሠፈር ልጆችን ጨዋታ የሚመራው ናቲ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻውን አቃጠለን። ሁለት ሆነን ስንከበው ነፃ ለሆነው ጓደኛው ያቀብላል፤ አንድ ስንሆን በቀኙ ያልፈናል።

«ኧረ ታክሲ ጥሩላቸው፣ በእግር አይደርሱበትም!» እያሉ ደጋፊዎቹ ሳቁብን።

በእረፍት ሰዓት አሠልጣኛችን ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ። ሥራቸው ጎሚስታ ነው፤ የጎማ ቀዳዳ በሚያመለክቱበት ጠመኔ እግሬ የሚያርፍበትን ቦታ ሲሚንቶው ላይ ሣሉልኝ።

«ግማሽ እርምጃ ወደ ናቲ ቀኝ ጠጋ በል። ኳሱን ልቀማ ብለህ አትቸኩል። ቀኙን ዝጋበትና ግራውን ስጠው። ግራ እጁ ደካማ ነው፤ ሜዳውም በዚያ በኩል ዳገት ነው።»

«ካስቆጠረስ ጋሼ?»

«ያስቆጥር። አንተ ብቻ ከቦታህ አትነቃነቅ።»

ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ ግራውን ሰጠሁት። አራት ጊዜ ሳተ፤ አንዴ ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ደጋፊዎቹ ታክሲ መጥራታቸውን ተዉ። በአንድ ነጥብ እየመራን ሊያልቅ ሲል ፊቴ መጣ። ቀኙን ዘጋሁበት። ወደ ዳገቱ ሄደና በግራ እጁ ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱን ሁለቴ ዞሮ ገባ፤ ተሰናበትን።

ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ምናለ ያንን አንዱን እንኳ በሌላ በኩል ብትጠብቀው» ይሉኛል። ነገም ቢመጣ ግራውን ነው የምሰጠው።